«የማን ጥፋት ነው?» ከማለት በፊት፦ ስለ ልብ ቀዶ ጥገና ቁስል ማመርቀዝ ለተጻፈ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ከልብ ቀዶ ጥገና በኋላ የደረት ቁስል ለምን እንደሚያመረቅዝ ለሕሙማንና ለቤተሰቦቻቸው የሚያስረዳ አንድ ጽሑፍ ሰሞኑን ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር ሰንብቷል። ሐሳቡ ባጭሩ ይህ ነው፦ ቁስሉ ካመረቀዘ የሆስፒታሉ ንጽሕና ጎድሏል ማለት ነው፤ በበሽተኛው በኩል የሚያሰጉት ስኳርና ውፍረት ብቻ ናቸው፤ መከላከያው በዋዜማው ማታ ደረትን በምላጭ ሙልጭ አድርጎ መላጨትና ከቀዶ ጥገናው በኋላ አንቲባዮቲኩን ሁለት ሳምንት ማስረዘም ነው፤ ባይፓስ (ለተዘጋ የልብ ደም ስር በሌላ ደም ስር ማሳለፊያ የማበጀት ቀዶ ጥገና) የሚሠራለት ሰው ሁለቱንም የደረት ደም ስሮች የሚጠቀም ሐኪም ይምረጥ፤ ስፌቱ ከደረቀና 10 ቀን ካለፈ በኋላ ስጋት የለም።

ጸሐፊው ለሕሙማን ተቆርቁረው እንደጻፉ ያስታውቃል፤ አማርኛቸውም ያለ አስተርጓሚ የሚገባ ነው። ይሁን እንጂ ካነሷቸው ስድስት ነጥቦች ሦስቱ ግማሽ እውነት ናቸው፤ ሦስቱ ደግሞ ሰው ቢሠራባቸው ጉዳት ያመጣሉ። ይበልጥ የከነከነን ግን ጽሑፉ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ጥፋተኛ ሲፈልግ ጊዜን መርሳቱ ነው። ቁስልን ለማመርቀዝ የሚያጋልጠው እያንዳንዱ ነገር የሚስተካከልበት የራሱ ሰዓት አለው። አንዳንዱ ከቀዶ ጥገናው አንድ ወር በፊት ነው፤ አንዳንዱ ደረት ሊከፈት 60 ደቂቃ ሲቀረው፤ አንዳንዱ አጥንት በሽቦ ሲታሰር፤ አንዳንዱም ቤት ከተገባ በኋላ። ሰዓቱ ካለፈ ጥፋተኛውን ማወቅ ለበሽተኛው አይፈይድም።

አስቀድመን የምንነጋገርበትን ነገር እንለይ። አብዛኛው የልብ ቀዶ ጥገና የሚሠራው ፍርምባው፣ ማለትም የደረቱ አጥንት፣ ከላይ እስከ ታች መሐል ለመሐል በመጋዝ ተከፍቶ ነው። ሥራው ሲያልቅ አጥንቱ በብረት ሽቦ ይታሰራል፤ ሥጋውና ቆዳው በላዩ ይሰፋል። ከቆዳና ከስብ ያላለፈ ማመርቀዝ አለ፤ ይህ በቁስል እንክብካቤና በመድኃኒት ብዙውን ጊዜ ይድናል። አጥንቱንና ከአጥንቱ ጀርባ ልብ የተኛበትን ክፍተት የያዘው ግን ሌላ በሽታ ነው፤ ሐኪሞች ሚዲያስቲናይተስ ይሉታል። በታተሙ ዘገባዎች ይህ ጥልቁ ዓይነት የሚይዘው ከ100 ሰው ከ1 እስከ 3 ያህሉን ነው። ከተያዙት መካከል ግን ከ10 አንዱ፣ በአንዳንድ ዘገባም ከ4 አንዱ ይሞታል። ጽሑፉ ሁለቱን በአንድ ቃል ስለጠራቸው፣ አንዱ ቤተሰብ ትንሽ ፈሳሽ አይቶ ያለቅጥ ይሸበራል፤ ሌላው የሚገድለውን ምልክት እንደ ቀላል ቁስል ያልፈዋል።

ካመረቀዘ ሆስፒታሉ ቆሽሿል?

ጽሑፉ አዎ ይላል። ነገር ግን የደረት ቁስልን በብዛት የሚያመረቅዙት ስታፊሎኮከስ አውሬስና ዘመዶቹ ናቸው፤ መኖሪያቸውም የሰው ቆዳና አፍንጫ ነው። ከ100 ጤነኛ ሰው ከ20 እስከ 30 የሚሆነው ስታፊሎኮከስ አውሬስን በአፍንጫው ይዞት ይዞራል፤ አያመውም፣ አያውቀውምም። ደረቱ ሲከፈት ግን ያው ተህዋስ ወደማያውቀው ቦታ ይገባል። ስለዚህ ቁስሉ ውስጥ የተገኘው ጀርም ብዙ ጊዜ በሽተኛው ራሱ ከቤቱ ይዞት የመጣው ነው።

ይህን ማወቅ ጥቅም የሚኖረው በጊዜ ከታወቀ ነው። በኔዘርላንድስ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ ጥናት፣ ጀርሙ በአፍንጫቸው የተገኘባቸውን ሕሙማን በዕጣ ከሁለት ከፈለ። አንደኛው ወገን ሙፒሮሲን የተባለ የአፍንጫ ቅባትና ክሎርሄክሲዲን የተባለ ጀርም ገዳይ ያለበት ሳሙና ለ5 ቀን ተሰጠው፤ ሌላው ተመሳሳይ መልክ ያለው ባዶ ነገር። በዚያው ጀርም ሆስፒታል ውስጥ የተያዙት ከ100 ሰው 7.7 ከነበረው ወደ 3.4 ወረደ። አሠራሩ ቀላል ነው፦ 2 በመቶ የሆነው ቅባት በጥጥ እንጨት ጫፍ የክብሪት ራስ ያህል ይወሰድና በሁለቱም የአፍንጫ ቀዳዳ ውስጠኛ ግድግዳ ይቀባል፤ አፍንጫው ከውጭ በጣት ተጫን ለቀቅ ይደረጋል፤ በቀን 2 ጊዜ፣ ለ5 ቀን። አስቸጋሪው ሰዓቱ ነው። የአፍንጫው ናሙና ውጤት ቀናት ስለሚፈጅ ምርመራው ቢያንስ ከሳምንት በፊት ካልታዘዘ፣ በሽተኛው ውጤቱ ሳይመጣ የቀዶ ጥገና ጠረጴዛ ላይ ይወጣል። ለዚህ ሲባል ውጤት ሳይጠብቁ ለሁሉም ቅባቱን የሚጀምሩ የልብ ሕክምና ክፍሎች አሉ።

እንግዲህ ሆስፒታሉ ነፃ ነው ማለታችን አይደለም። የጀርሙ ዓይነት ራሱ ይመሰክራል። ስታፍ (ስታፊሎኮከስ) ሲሆን መጀመሪያ ወደ ቆዳና አፍንጫ እናያለን። የአንጀት ጀርሞች የሆኑት ኢ. ኮላይ ወይም ክሌብሲየላ ሲሆኑ ለባይፓስ ደም ስር የተወሰደበትን እግር፣ በተለይ ብሽሽት አካባቢ ያለውን ቁስል፣ የሽንት ቱቦውንና ሳንባውን እንጠረጥራለን። አሲኔቶባክተር ወይም ሱዶሞናስ ከሆነ፣ ይልቁንም በተከታታይ ሳምንታት ሁለት ሦስት ሰው ላይ አንድ ዓይነቱ ከተገኘ፣ ያኔ ዓይናችን ወደ ጽኑ ሕሙማን ክፍሉ ውኃ፣ ወደ መተንፈሻ መሣሪያውና ወደ ሠራተኛው እጅ ይዞራል። ከማሽንም የመጣ አለ፦ በልብ ቀዶ ጥገና ጊዜ ደምን የሚያሞቅና የሚያቀዘቅዝ መሣሪያ በውስጡ ባለው ውኃ ማይኮባክቴሪየም ኪሜራ የተባለ ጀርም አርብቶ፣ በማራገቢያው አየር ወደ ተከፈተ ደረት ሲረጭ ተገኝቷል። ነገሩ መጀመሪያ የተስተዋለው በስዊዘርላንድ ዙሪክ ሲሆን፣ ከዚያ በብዙ አገሮች ታየ፤ አንዳንዱ ሕመምተኛ ላይ ምልክቱ የመጣው ከዓመታት በኋላ ነው።

ጽሑፉ ያልጠቀሰው፣ ከወለል መወልወል ይልቅ የሚያሳስበን ሌላ የሆስፒታል ጉዳይ አለ፤ ጓንት። አጥንት በሽቦ ሲታሰር የሽቦው ጫፍ ጓንት ይበሳል፤ የሚሠራው ሰውም ብዙ ጊዜ አይሰማውም። ድርብ ጓንት ማድረግና ሽቦው እንደተጠመዘዘ መቀየር የደቂቃ ሥራ ነው።

ስኳርና ውፍረት ብቻ?

ይህ ነጥብ ሰፋ ያለ መልስ ይፈልጋል፤ ምክንያቱም ቀጭንና ስኳር የሌለበትን ሰው «አንተ አትሰጋም» ብሎ ያሰናብተዋል።

ስለ ስኳር እንጀምር። የሚጎዳው «የስኳር በሽተኛ» የሚለው ስም አይደለም፤ በእነዚያ ቀናት ደም ውስጥ ያለው ቁጥር ነው። ቀዶ ጥገናውና የልብና የሳንባን ሥራ የሚተካው ማሽን የጭንቀት ሆርሞኖችን ስለሚቀሰቅሱ፣ ስኳር ኖሮበት የማያውቅ ሰውም ቁጥሩ ሽቅብ ይወጣል። ስኳር በበዛበት ደም ውስጥ ነጭ የደም ሕዋሳት ጀርም አሳድደው መዋጥ ይሳናቸዋል። በአሜሪካ ፖርትላንድ በ2,467 የስኳር ሕሙማን ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመ ሥራ፣ ኢንሱሊን ከቆዳ ሥር አልፎ አልፎ ሲወጋ ከ100 ሰው በ2ቱ ላይ የነበረው ጥልቅ ማመርቀዝ፣ ኢንሱሊኑ በደም ስር ሳያቋርጥ ሲንጠባጠብ ወደ 0.8 መውረዱን አሳየ። ጥናቱ የበፊትና የኋላ ንጽጽር እንጂ የዕጣ አልነበረም፤ ቢሆንም የብዙ ሆስፒታሎችን አሠራር ቀይሯል። ዛሬ የተለመደው ልክ ቁጥሩን ከ180 ሚሊግራም በዴሲሊትር በታች ማቆየት ነው። ከዚያ አልፎ ጤነኛ ሰው ደረጃ ድረስ ማውረድ ደግሞ ሌላ አደጋ አለው። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመው፣ 6,104 ጽኑ ሕሙማንን ያካተተው ትልቅ ጥናት፣ ስኳራቸው ከ81 እስከ 108 እንዲሆን የተደረጉት በ90 ቀን ውስጥ ከ100 ሰው 27.5 ሲሞቱ፣ እስከ 180 የተፈቀደላቸው 24.9 መሞታቸውን አገኘ። ስለዚህ አስታማሚ ቁጥሩን 150 አይቶ «ለምን አላወረዳችሁትም» ብሎ ቢቆጣ፣ ልክ የሆነው የሕክምና ቡድኑ ነው።

የሦስት ወር አማካዩን የሚያሳየው ኤችቢኤዋንሲ ምርመራም የሚጠቅመው አስቀድሞ ከተሠራ ነው። 8 በመቶና ከዚያ በላይ ሆኖ፣ ቀዶ ጥገናው ደግሞ ጊዜ የሚሰጥ ከሆነ፣ ጥቂት ሳምንት ወስዶ ማስተካከል ተገቢ ነው። ምርመራው «ስኳር የለብኝም» ለሚለውም መደረግ አለበት። በእስራኤል የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ላይ የተሠሩ ጥናቶች፣ ወገኖቻችን ከሌላው ሕዝብ ባነሰ ክብደትና ባነሰ ዕድሜ በስኳር እንደሚያዙ መዝግበዋል። «ቀጭን ነኝ» ማለት ዋስትና አይሆንም።

ውፍረትን በተመለከተ ጸሐፊው ልክ ናቸው፤ ምክንያቱን ግን አልነገሩንም። ስብ ደም የሚደርሰው በጥቂቱ ስለሆነ አንቲባዮቲክም ነጭ ሕዋስም በሚገባ አያገኘውም። ሰውየው ሲያስልና ሲገላበጥ ሽቦው ላይ የሚያርፈው ጉልበት ይበዛል። መድኃኒቱም በክብደት ካልተሰላ ያንሳል፦ ለአዋቂ 2 ግራም የሚሰጠው ሴፋዞሊን የተባለ አንቲባዮቲክ ከ120 ኪሎ ጀምሮ 3 ግራም መሆን አለበት። ጡታቸው ከባድ የሆነ ሴቶች ላይ የቁስሉ የታችኛው ጫፍ ወደ ሁለት ወገን ይጎተታል፤ ከፊት የሚከፈት፣ ብረት የሌለው ደጋፊ ጡት መያዣ ከመጀመሪያዎቹ ቀናት ጀምሮ ማድረግ ይረዳል። ይህችን ቀላል ነገር የሚነግራቸው ሰው አጥተው ሲቸገሩ የሚኖሩ ብዙዎች ናቸው።

ስለ መክሳት ግን ጽሑፉ አንድም ቃል የለውም፤ ኢትዮጵያ ውስጥ ደግሞ ትልቁ ጉዳይ እሱ ነው። በአሜሪካና በአውሮፓ የተዘጋጁት የአጋላጭ ነገሮች ዝርዝሮች በአመዛኙ ባይፓስ ከተሠራላቸው፣ ዕድሜያቸው ከገፋ ሰዎች የተቀመሩ ናቸው። አዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ባለው የልብ ማዕከል የሚታከሙት ግን በብዛት ከልደት ጀምሮ የልብ ክፍተት ያለባቸው ሕፃናትና የጉሮሮ ሕመምን ተከትሎ በሚመጣው በሪውማቲክ በሽታ ቫልቫቸው የተበላሸ ልጆችና ወጣቶች ናቸው። ወረፋው በሺዎች የሚቆጠር ነው። ወጣቷ ተራዋ እስኪደርስ ልቧ ይደክማል፣ ጉበቷ ውኃ ይቋጥራል፣ ምግብ አይበላላትም፣ ሥጋዋ ያልቃል። አልቡሚን የተባለው የደም ፕሮቲን ከ3 ግራም በዴሲሊትር በታች ሲወርድ ቁስል ቶሎ አይገጥምም። እዚህ ላይ «እንቁላል ይብሉ» ብሎ ማለፍ አይበቃም፤ አልቡሚኑ የወረደው ከምግብ ብቻ ሳይሆን ጉበቱ በውኃ በመጨናነቁም ስለሆነ፣ ውኃውን የሚያስወግደው መድኃኒት መስተካከልና ምግቡ መሻሻል አብረው መሄድ አለባቸው። ምግቡን በቀን 5 እና 6 ጊዜ በጥቂት በጥቂቱ መስጠት፣ ሽሮውና ምስሩ ሳይቋረጥ እንቁላልና ወተት መጨመር ነው። ጾም ሲሆን ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ለታመመ ሰው እንደምትፈቅድ የንስሐ አባቱን ጠይቆ መገላገል ይቻላል፤ ይህም ቢሆን ከቀዶ ጥገናው ሳምንታት በፊት እንጂ ከተሰፋ በኋላ የሚታወስ ጉዳይ መሆን የለበትም።

በቫልቭ ሕሙማን ላይ ሌላም አለ። ሰው ሠራሽ ቫልቭ የገባለት ሰው ደም እንዳይረጋ የሚያደርገውን ዋርፋሪን ይጀምራል። ደሙ ለመርጋት ምን ያህል እንደሚዘገይ የሚያሳየው ልክ፣ አይኤንአር የሚባለው፣ ከታሰበለት በላይ ሲወጣ ከቆዳ ሥር ደም ይቋጠራል፤ የተቋጠረ ደም ለጀርም የተዘጋጀ ማዕድ ነው። ቁስሉ ከሥሩ አብጦ ከጠጠረ፣ መግል ባይኖርም እንኳ፣ አይኤንአሩን በዚያው ቀን ማየት ያስፈልጋል።

ማጨስን በአጭሩ፦ ቢያንስ 4 ሳምንት ቀድሞ ማቆም፤ ሺሻም ሲጋራ ነው። ሥር የሰደደ ሳል ያለበት ሰው ሳሉ ሳይታከም ደረቱ ከተከፈተ፣ እያንዳንዷ ሳል ሽቦውን ትፈትናለች።

ከዚህ የቀሩት በቀዶ ጥገናው ውስጥ የሚወሰኑ ናቸው። መጋዙ ከመሐል ወጣ ብሎ ከሄደ አንዱ የአጥንት ጎን ሳስቶ ይቀራል፤ ሽቦ ይቆርጠዋል። ለአዋቂ ሰው ከ6 ያነሰ ሽቦ ለብዙ ደረት አይበቃም። ከአጥንቱ መቅኔ የሚወጣውን ደም ለማቆም ሰም መለጠፍ ለዓመታት የተለመደ ነበር፤ ሰሙ ግን አይሟሟም፤ ባዕድ ነገር ሆኖ ለጀርም መሸሸጊያ ከመሆኑም በላይ አጥንት ከአጥንት እንዳይገጥም ይለያያል። ደም አልቆም ብሎ በሽተኛው ሁለተኛ ከተከፈተ ስጋቱ ይጨምራል። ብዙ ደም የተሰጣቸው ሰዎችም በብዛት ያመረቅዛሉ፤ ይሁንና ብዙ ደም የሚሰጠው ቀድሞም ለከፋበት ሰው ስለሆነ፣ ጥፋቱ የደሙ ነው ብሎ መደምደም ያስቸግራል።

በምላጭ መላጨት

ይህን ምክር አትከተሉ። ምላጭ ዓይን የማያያቸው ጭረቶችን ይተዋል፤ በዋዜማው ማታ ከተላጨ እስከ ጠዋት ባለው ጊዜ ጀርሞች እነዚያን ጭረቶች ቤት ያደርጓቸዋል። ጽሑፉ ከምላጩ በላይ ያጠፋው በሰዓቱ ነው፤ ማታውን መምረጡ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጣው መመሪያ ፀጉር ባይነካ ይመረጣል፣ የግድ ከሆነ ግን በመቁረጫ ማሽን ብቻ ይቆረጥ፣ በምላጭ መላጨት ግን በየትኛውም ሰዓት አይደረግ ይላል። ማሽኑ ንጹሕ ራስ ያለው ሆኖ፣ የሚቆረጠውም ወደ ቀዶ ጥገናው ሰዓት ተጠግቶ፣ ከቀዶ ጥገና ክፍሉ ውጭ ይሁን። ለብዙ ሴቶችና ለሕፃናት ምንም መቁረጥ አያስፈልግም።

በሽተኛው ቤቱ ሊያደርገው የሚችለው ማታና ጠዋት ገላን በሳሙና መታጠብ ነው፤ ተራ ሳሙናም ይበቃል። ከታጠቡ በኋላ ቫዝሊን፣ ቅቤ ወይም የገላ ቅባት መቀባት ክልክል ነው፤ ቅባት ባለበት ቆዳ ላይ ማጽጃው በደንብ አይሠራም፣ የሚሸፍነው ጨርቅም አይጣበቅም። ጸሐፊው «ክሎርሄክሲዲን እንጂ አዮዲን እንዳይቀቧችሁ» ሲሉም አንብበናል። በስዊዘርላንድ 3,360 የልብና የሆድ ቀዶ ጥገና ሕሙማን ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2024 የታተመው ጥናት ሁለቱንም ከአልኮል ጋር ቀላቅሎ ሲያወዳድር፣ አዮዲን 5.1፣ ክሎርሄክሲዲን 5.5 በመቶ ማመርቀዝ አሳይተዋል፤ የሚበላለጡ አይደሉም። ሁለቱ የሚጋሩት አልኮሉን ነው፤ እሱም ደረት ከመቀደዱ በፊት ራሱ እስኪደርቅ፣ ፀጉር በሌለበት ቆዳ 3 ደቂቃ ያህል፣ መጠበቅ አለበት። ያልደረቀ አልኮል በኤሌክትሪክ መቁረጫው ብልጭታ እሳት ያስነሳል።

አንቲባዮቲኩን ሁለት ሳምንት

እዚህም ሰዓቱ ተገልብጧል። መድኃኒቱ የሚሠራው ቆዳ ሲከፈት ሥጋው ውስጥ አስቀድሞ ከደረሰ ነው። ሴፋዞሊን ከመቀደዱ በፊት ባለው 60 ደቂቃ ውስጥ ይሰጣል፤ ቀዶ ጥገናው 4 ሰዓት ካለፈ ወይም ብዙ ደም ከፈሰሰ ይደገማል። ለፔኒሲሊን ቤተሰብ ከባድ አለርጂ ላለበት ወይም መድኃኒት የለመደው ስታፍ ለተገኘበት የሚሰጠው ቫንኮማይሲን፣ በኪሎ 15 ሚሊግራም ሆኖ ቀስ ብሎ መግባት ስላለበት፣ ከ120 ደቂቃ በፊት ይጀመራል፤ ቢፈጥን የደም ግፊት ይጥላል፣ ቆዳ ያቀላል፣ ያሳክካል። በአገራችን ብዙ ሆስፒታሎች ሴፋዞሊን ሲታጣ ሴፍትሪያክሶን ይተካል፤ እሱ ግን በስታፍ ላይ ያለው ጉልበት ከሴፋዞሊን ያንሳል፤ አማራጭ ካለ የመጀመሪያ ምርጫ ባይሆን ይሻላል።

ከቀዶ ጥገናው በኋላስ? ለልብ እስከ 24፣ ቢበዛ 48 ሰዓት። እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመ፣ 2,641 የባይፓስ ሕሙማንን የተከታተለ ጥናት፣ ከ48 ሰዓት በላይ ማስረዘም ማመርቀዝን እንዳልቀነሰ፣ መድኃኒት የለመደ ጀርም የመያዝን ዕድል ግን 1.6 እጥፍ እንዳደረገው አሳይቷል። ሁለት ሳምንት የዋጠ ሰው ቢያመረቅዝ፣ የሚያመረቅዘው በዋጠው መድኃኒት በማይሞት ጀርም ነው። ጄንታማይሲን በተባለ አንቲባዮቲክ የተነከረ ስፖንጅ ደረት ውስጥ ትቶ መዝጋትም ተሞክሮ ነበር፤ በአሜሪካ ስኳር ወይም ውፍረት ያለባቸው 1,502 ሰዎች ላይ ተፈትኖ (እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ) ስፖንጁ ከተደረገላቸው 8.4፣ ካልተደረገላቸው 8.7 በመቶ አመረቀዙ፤ አልጠቀመም።

የሪውማቲክ ሕሙማን ደጋግመው የሚጠይቁት አንድ ነገር አለ፤ «በየወሩ የምወጋው መርፌ አይጠብቀኝም ወይ?» በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ የሚወጉት ቤንዛቲን ፔኒሲሊን የሚከላከለው የጉሮሮ ስትሬፕቶኮከስን ነው። ስታፍ ፔኒሲሊንን የሚሰብር ኢንዛይም ስላለው ለቁስሉ አይከላከልም። ቢሆንም ከቀዶ ጥገናው በኋላ ማቋረጥ የለባቸውም፤ ሥራው ሌላ ነው።

ሁለቱም የደረት ደም ስሮች

ከአጥንቱ ጀርባ ግራና ቀኝ ቁልቁል የሚወርዱት ሁለት ደም ስሮች ለባይፓስ ምርጥ መሆናቸው እውነት ነው። ጽሑፉ ያላሰበው ፍርምባውን የሚመግቡትም እነዚሁ መሆናቸውን ነው። ሁለቱም ሲወሰዱ አጥንቱ ደም ያጥረዋል። በ7 አገሮች 3,102 ሰዎችን በዕጣ የከፈለው ጥናት እ.ኤ.አ. በ2016 እንዳስታወቀው፣ አንዱ ብቻ ሲወሰድ 1.9 በመቶ የነበረው የደረት ቁስል ችግር ሁለቱ ሲወሰዱ 3.5 ሆነ፤ አጥንቱ እንደገና መጠገን ያስፈለጋቸው ከ0.6 ወደ 1.9 ጨመሩ። በ2019 የወጣው የ10 ዓመት ውጤት ደግሞ የሞት ልዩነት አላገኘም፤ ሁለቱ ከተወሰዱላቸው 20.3፣ አንዱ ከተወሰደላቸው 21.2 በመቶ ሞተዋል። ስለዚህ ስኳሩ ያልተስተካከለ፣ በጣም የወፈረ ወይም ሥር የሰደደ የሳንባ በሽታ ያለበት ሰው «ሁለቱንም» ብሎ ሐኪም ከመምረጥ፣ ደም ስሩ ከነሥጋው ተቦጭቆ ነው ወይስ ብቻውን ተፈልቅቆ የሚወሰደው ብሎ ቢጠይቅ ይሻለዋል። ብቻውን ሲፈለቀቅ ለአጥንቱ የሚተርፉ ትናንሽ ቅርንጫፎች ይበዛሉ።

10 ቀን ካለፈ ስጋት የለም?

ከሁሉም ነጥቦች አደገኛው ይህ ነው። ጥልቁ ማመርቀዝ ብዙውን ጊዜ ብቅ የሚለው በሁለተኛውና በሦስተኛው ሳምንት፣ በሽተኛው ቤቱ ከገባ በኋላ ነው። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል በልብ ቀዶ ጥገና ጥልቅ ማመርቀዝን የሚከታተለው እስከ 90 ቀን ድረስ ነው። ሕንድ ወይም ሌላ አገር ሄደው የታከሙ ሕሙማን ብዙዎቹ በእነዚህ ቀናት አገራቸው ተመልሰዋል፤ ሲመለሱ የቀዶ ጥገናውን ዝርዝር፣ የቫልቩን ዓይነት፣ የተሰጣቸውን አንቲባዮቲክና የናሙና ውጤት በወረቀት ይዘው መምጣት አለባቸው፤ አዲሱ ሐኪም ያለዚያ በጨለማ ነው የሚጀምረው።

ጸሐፊው «መቅላቱን ተከታተሉ» ይላሉ። በእኛ ቆዳ መቅላት ላይታይ ይችላል። የእጅዎን ጀርባ ቁስሉ ላይና ከቁስሉ ራቅ ባለ ቆዳ ላይ አድርገው ሙቀቱን ያወዳድሩ፤ ቆዳው ከጎኑ ይልቅ ጠቁሮ ወይም ሐምራዊ መስሎ፣ አብጦ፣ ጠጥሮ እንደሆነ ይዩ። በአንጻሩ ከወራት በኋላ ጠባሳው ወጣ ብሎ መወፈሩና ማሳከኩ የኬሎይድ ነገር ስለሆነ ከማመርቀዝ ጋር አይምታታ። ጥልቁን የሚጠቁሙት ሌሎች ናቸው፦ ሲያስሉ ወይም ሲገላበጡ አጥንቱ «ቀጭ» ማለቱ፣ እየቀነሰ የነበረው የደረት ሕመም እንደገና መባሱ፣ ትኩሳት፣ መግል ወይም ቆሞ የነበረ ፈሳሽ እንደገና መጀመሩ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ሲቲ ስካን ብቻውን አይፈርድም፤ ከማንኛውም የልብ ቀዶ ጥገና በኋላ ጥቂት ፈሳሽና አየር ከአጥንት ጀርባ ይቀራልና። ደሙ ውስጥ ስታፊሎኮከስ አውሬስ ከተገኘ ግን፣ ቁስሉ ከውጭ ቢያምርም፣ ከአጥንት ጀርባ መፈለግ ያስፈልጋል፤ አዲስ ቫልቭ ያለበት ሰው ላይ ደግሞ ቫልቩም ይመረመራል።

አጥንቱ እስኪገጥም ከ6 እስከ 8 ሳምንት፣ ጠንክሮ እስኪያያዝ እስከ 3 ወር ይፈጃል። በዚህ ጊዜ ባለ 5 ሊትር ጀሪካን የላይኛው ወሰን ነው፤ ባለ 20ው አይታሰብም። ልጅ ማዘል፣ ምጣድ ላይ እጅን ዘርግቶ መጋገር፣ ከአልጋ በሁለት እጅ ተገፍቶ መነሣት ሽቦውን ይጎትታሉ፤ በጎን ተንከባሎ እግርን አውርዶ መነሣት፣ ክርንን ከጎን ሳያርቁ መሥራት፣ ሲያስሉ ትራስ አቅፎ ደረትን መያዝ ይቻላል። ገላ መታጠብ ብዙ ጊዜ ከ48 ሰዓት በኋላ ይፈቀዳል፤ በሚፈስ ውኃና በሳሙና፣ ሳይፈትጉ፣ በንጹሕ ጨርቅ ጠብ ጠብ አድርጎ ማድረቅ። ቁስሉም የቱቦ ቀዳዳዎቹም ሙሉ በሙሉ ሳይዘጉ ግን ደረትን በገንዳም፣ በወንዝም፣ በጠበልም መንከር አይገባም፤ ጠበል የሚሻ ሰው ቁስሉ እስኪዘጋ በራሱና በእግሩ ላይ ቢረጭ ደረቱ ይጠበቅለታል። የጓዳ ማር ለሕክምና እንደሚዘጋጀው ማር ከጀርም የጸዳ አይደለም፤ ቁስሉ ላይ አይደረግ።

ምልክት ሲታይ ከሰፈር ፋርማሲ አሞክሳሲሊን ገዝቶ መጀመር የተለመደ ነው። ይህ ስታፉን ሳይገድል ናሙናውን ያበላሻል፤ ላቦራቶሪው ምንም አላበቀለም ይላል፣ ሐኪሙም ለ4 እና ለ6 ሳምንት የሚሰጠውን መድኃኒት በግምት ይመርጣል። መጀመሪያ ከቁስሉና ከደሙ ናሙና ይወሰድ፤ መድኃኒቱ ከዚያ በኋላ፣ በዚያው ቀን ይጀመር።